ስለ ዚርኮኒየም ቅይጦች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ኮምቦልቻ ማቴሪያል ሳይንስ ሳስተምር በክፍል፣ በቴሌግራምና በቡና ላይ የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ነው የሰበሰብኳቸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዚርኮኒየም ደሴ ወርቅ ቤት ውስጥ የሚያብለጨልጨው ድንጋይ ነው እንዴ?

አይደለም፣ ግን ዘመዱ ነው። ይሄን መጀመሪያ የጠየቀችኝ አክስቴ ናት። ቀለበቷን አውልቃ «ይኸው አንተ የምታስተምረው» ብላ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ሦስት ነገር ነው በስም የሚምታታው። ዚርኮን ከመሬት የሚወጣ ማዕድን ነው፤ ውስጡ ዚርኮኒየም፣ ሲሊከንና ኦክስጅን አለ። ዚርኮኒያ የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ነው። የአክስቴ ቀለበት ላይ ያለው ይሄኛው ነው፤ አልማዝ እንዲመስል ሰው የሠራው። ዚርኮኒየም ራሱ ግን ብረታ ብረት ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ ጣት የምታክል የዚርካሎይ (ዋነኛው የዚርኮኒየም ቅይጥ ነው) ቱቦ ቁራጭ አለችኝ፣ ውጭ ስማር ይዣት የመጣሁ። ከዳር እስከ ዳር 9.5 ሚሊሜትር ናት፣ ግድግዳዋ ግን ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። ቢሮ የገባ ተማሪ ሁሉ አንስቶ በእጁ ይመዝናታል። ግማሹ «ስቴንለስ ነው» ይላል፣ ግማሹ «አሉሚኒየም ነው» ይላል። እውነቱ መሃል ላይ ነው። አንድ ኩብ ሴንቲሜትር ዚርኮኒየም 6.5 ግራም ይመዝናል፤ ብረት 7.8፣ አሉሚኒየም 2.7።

ታዲያ ለምን ይጠቅማል?

በዋናነት ለኒውክሌር ማመንጫ። የዩራኒየሙ ነዳጅ የሚታሸገው እንደ እኔዋ ባለች ቀጭን ቱቦ ነው፣ ቁመቷ ግን 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቱቦው ሦስት ነገር ይፈለግበታል። ኒውትሮን (የኒውክሌር ሂደቱን የሚያስቀጥለውን ቅንጣት) እንዳይበላ፣ በ300 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለዓመታት እንዳይበሰብስ፣ እንዳይሰበርም። ዚርኮኒየም ኒውትሮን አይቶ እንዳላየ ያሳልፋል። ለዚህ ነው የተመረጠው እንጂ ከሁሉ ስለጠነከረ አይደለም።

አንድ ጣጣ ግን አለው። ማዕድኑ ውስጥ ሃፍኒየም የሚባል መንትያው አብሮት ይወጣል፣ ከ1 እስከ 3 በመቶ። በኬሚስትሪ ሁለቱን መለየት ጭንቅ ነው። ሃፍኒየም ደግሞ ኒውትሮንን ከዚርኮኒየም ከ500 እጥፍ በላይ ይውጣል። ስለዚህ ለሪአክተር (ነዳጁ ለሚገባበት የማመንጫው ልብ) የሚሆነው ሃፍኒየሙ ተለቅሞ ከ100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100 እጅ) በታች እስኪወርድ ይጣራል፤ ውድ ያደረገውም አንዱ ይሄ ነው። ከኒውክሌር ውጭ አሲድ የሚያፈሉ ፋብሪካዎች ለቧንቧና ለታንከር ይገዙታል፤ እነሱ ስለ ሃፍኒየሙ ግድ የላቸውም።

«ፌዝ» ስትል ምን ማለትህ ነው?

«ዛሬ ስለ ፌዝ ለውጥ እንማራለን» ስል ከኋላ የተቀመጡት ሁሌ ይንሾካሾካሉ፣ በእኛ ቋንቋ ፌዝ ማሾፍ ነዋ። እኔ የምለው ከእንግሊዝኛ የመጣውን ነው። የተሻለ አማርኛ ያለው ይንገረኝና ነገውኑ እቀይረዋለሁ።

ውሃ በረዶ ሲሆን ያው ውሃ ነው፣ የተለወጠው የሞለኪውሎቹ አደራደር ነው። ብረታ ብረት ደግሞ ሳይቀልጥ፣ ደረቅ እንደሆነ፣ ውስጡን እንደገና ይደረድራል። ከውጭ ብታየው የጋለ ብረት ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ውስጡ ግን እያንዳንዱ አተም ቦታ ቀይሯል። አንድ ዓይነት አደራደር አንድ ፌዝ ነው። አደራደሩ ሲቀየር ጥንካሬውም፣ መለመጡም፣ የሚሰበርበት መንገድም አብሮ ይቀየራል።

አልፋና ቤታ ምንድናቸው? ስንት ዲግሪ ላይ ነው የሚለወጠው?

ንጹህ ዚርኮኒየም ከ863 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች አልፋ ነው። ከዚያ በላይ፣ በ1855 እስኪቀልጥ ድረስ፣ ቤታ ነው። አልፋን ለማየት ብርቱካን ሻጭ ጋ ሂዱ። የታችኛውን ረድፍ ይደረድራል፣ ሁለተኛውን በጉድጓዶቹ ላይ ያስቀምጣል፣ ሦስተኛውን ልክ በመጀመሪያው አናት ላይ ያመጣዋል። ባለ ስድስት ጎን ጥቅጥቅ አደራደር ማለት ይሄ ነው። ቤታ ደግሞ ሳጥን ነው፤ በስምንቱ ማዕዘን አንዳንድ አተም፣ መሃሉ ላይ አንድ።

ቅይጥ ሲሆን አንድ ቁጥር የለም። በረዶ አንድ ዲግሪ ላይ ቁርጥ ብሎ ይቀልጣል፣ ቅቤ ግን ቀስ እያለ ነው የሚለሰልሰው። ቅይጥም እንደ ቅቤው ነው። ዚርካሎይ በ810 ዲግሪ ገደማ ቤታ ማብቀል ይጀምራል፣ ሙሉ በሙሉ ቤታ የሚሆነው ወደ 970 ሲጠጋ ነው። በመሃል ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ቤታ በጣም ለስላሳ ነው። ፋብሪካው ትልቁን ጉማጅ የሚቀጠቅጠው እዚያ ላይ ነው፤ ብረትን እንደጋለ የሚባለው ለዚህም ይሠራል። ሪአክተር ውስጥ ግን ይሄው ልስላሴ መዘዝ ነው። ማቀዝቀዣ ውሃው ጠፍቶ ቱቦው 800 ዲግሪ አካባቢ ከደረሰ በውስጡ ባለው ጋዝ ግፊት እንደ ፊኛ ይነፋል፣ ከዚያ ይፈነዳል።

እንደ ቢላዋ አግለን ውሃ ውስጥ ብንነክረው ይጠነክራል?

ትንሽ። ቢላዋ የጠበቀ ሰው ያዝናል።

ባቲ ሰኞ ገበያ ሄዳችሁ አንጥረኛ ሲሠራ ካላያችሁ እዩ። አንድ ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጬ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። የመኪና ባሌስትራ ቆርጠው፣ ወናፉ እየተነፋ፣ ቀለሙ ቀይ ብርቱካናማ እስኪሆን ያግሉታል። ቴርሞሜትር የላቸውም፣ ዓይናቸው ነው። ከዚያ በጉጠት ይዘው ስለቱን ብቻ ውሃ ውስጥ ሸጥ ያደርጉታል። ጀርባውን አይነክሩም፤ «ሁሉም ከጠነከረ ይሰበራል» አሉኝ። አንድ ምዕራፍ የሚፈጅብኝን ትምህርት በሦስት ቃል ጨረሱት። ባሌስትራ ውስጥ ካርቦን አለ። በድንገት ሲቀዘቅዝ ካርቦኑ መውጫ አጥቶ አደራደሩን ወጥሮ ይይዘዋል። ማርቴንሳይት የሚባለው የጠነከረ ፌዝ ያ ነው።

ዚርኮኒየምም ከቤታ በድንገት ሲቀዘቅዝ ማርቴንሳይት ይሠራል። ግን እንደ ካርቦን ተወጥሮ የሚቀር ነገር ውስጡ የለም። አተሞቹ ተንሸራተው አልፋ ይሆናሉ፣ ጥቃቅን ሰሌዳ ይሠራሉ፣ በቃ። የሚገኘው ጥንካሬ መጠነኛ ነው። ኒዮቢየም ሲኖርበት ይሻላል። ታዲያ ፋብሪካዎች ከ1000 ዲግሪ በላይ አግለው ውሃ ውስጥ የሚነክሩት ለምንድነው? የተቀላቀሉት ብረትና ክሮሚየም በእኩል እንዲበተኑ ነው። አንድ ቦታ ተጠራቅመው ከቀሩ ዝገት የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

ምን ምን ይቀላቀልበታል? ለምን?

ቆርቆሮ፣ ኒዮቢየም፣ ብረት፣ ክሮሚየም፣ ኒኬል፣ ኦክስጅን። ቆርቆሮ ያልኩት የቤት ክዳኑን አይደለም፣ ንጥረ ነገሩን ነው። እሱ ያጠነክራል፣ ናይትሮጂን የሚያመጣውንም ጉዳት ያለዝባል። ዚርካሎይ ላይ 1.5 በመቶ ገደማ ነው። ብረት፣ ክሮሚየምና ኒኬል እዚህ ግባ የማይባል መጠን ናቸው፣ ከመቶ አንድ አሥረኛ ሁለት አሥረኛ። ዚርኮኒየም እነሱን አልፋ ውስጥ አያሟሟም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለብቻቸው ጥቃቅን ቅንጣት ይሆናሉ፣ ዝገት የሚከላከሉትም በዚያ መልካቸው ነው።

ኦክስጅን ብዙ ሰው ይገርመዋል። ቆሻሻ አይደለም እንዴ? አይደለም፣ እያወቁ ነው የሚተዉት፤ ከ1000 እስከ 1400 ፒፒኤም ገደማ። በአተሞቹ መሃል እየተሸጎጠ ያጠነክራል። እንደ ወጥ ጨው ነው፣ ሲያንስ አይጥምም፣ ሲበዛ ይጣላል።

ከፌዝ አንጻር ደግሞ ለሁለት ይከፈላሉ። ኦክስጅን፣ ናይትሮጂንና ቆርቆሮ የአልፋ ወገን ናቸው፣ የመለወጫውን ሙቀት ወደ ላይ ይገፉታል። ኒዮቢየም፣ ብረት፣ ክሮሚየምና ሃይድሮጂን የቤታ ወገን ናቸው፣ ወደ ታች ይስቡታል። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዚርካሎይ-2 እና ዚርካሎይ-4 አሉ፤ 1 እና 3 የት ገቡ?

ተሞክረው ተተዉ። በ1950ዎቹ አሜሪካኖች ኖቲለስ ለተባለችው የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከባቸው ሲሯሯጡ ዚርካሎይ-1 ዝገቱ አላማረም። ቀለጣ ላይ በስህተት ስቴንለስ የገባበት አንድ ጉማጅ ግን ከሌሎቹ በተሻለ ዝገት መቋቋሙን አዩ። ስህተቱ ዚርካሎይ-2 ሆነ። ዚርካሎይ-3 ደካማ ሆኖ ቀረ። 4ኛው ከ2ኛው ኒኬሉ የተቀነሰበት ነው፣ ኒኬል ሃይድሮጂን ያስጠጣዋልና። ሩሲያኖች በሌላ መንገድ ሄደው 1 በመቶ ኒዮቢየም ተጠቀሙ። አዳዲሶቹ ቅይጦችም አብዛኞቹ ኒዮቢየም አለባቸው።

ከፌሮ ጋር ሲወዳደር ጥንካሬው እንዴት ነው?

ግንባታ ላይ የምታዩት ግሬድ 60 ፌሮ 420 ሜጋፓስካል (የጭነት መለኪያ ነው) ላይ መለመጥ ይጀምራል። ዚርካሎይ-4 እንዴት እንደተያዘ ይወሰናል። በቀዝቃዛው ተስቦ፣ ከዚያ 450 እስከ 500 ዲግሪ አካባቢ ውጥረቱ ብቻ እንዲለቅለት ከተደረገ 500 ሜጋፓስካል ያልፋል፣ ከፌሮው ይበልጣል ማለት ነው። ያንኑ ቱቦ ወደ 580 ዲግሪ ወስዳችሁ ግሬይኖቹ (ብረቱ የተገነባባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች) እንደ አዲስ እንዲወለዱ ብታደርጉ ወደ 350 ወይም 400 ይወርዳል፣ ግን ለመለመጥ ይመቻል። ኬሚካል ቢመረመር አንድ ናቸው። ተማሪዎቼ ከዚህ ኮርስ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢወጡ ይሄን ይያዙልኝ እላለሁ። «ዚርካሎይ-4 ነው» ብላችሁ አትምጡብኝ፣ ምን ሙቀት እንዳሳለፈ ንገሩኝ።

ግትርነቱ ግን በሙቀት ታሪክ ብዙም አይቀየርም። የዚርኮኒየም ወደ 95 ጊጋፓስካል ነው፣ የብረት 200። እኩል ብትጭኑባቸው ዚርኮኒየሙ እጥፍ ይለጠጣል።

የአንድ ቱቦ ጥንካሬ በቁመቱና በዙሪያው ለምን ይለያያል?

ባህር ዛፍ ፈልጣችሁ ታውቃላችሁ? በቁመቱ አንድ ምት ይበቃዋል። በአግድም ግን መጥረቢያው ይነክሳል እንጂ አይፈልጥም። የአልፋ ክሪስታልም እንደዚያ ነው። ባለ ስድስት ጎኑ አደራደር በጎኑ በኩል በቀላሉ ይንሸራተታል፣ በቁመቱ በኩል ግን እምቢ ይላል። ክሪስታሉን በራሱ ቁመት ስትስቡት ወይ በከባድ ኃይል ይንሸራተታል፣ ወይ ክሪስታሉ ራሱን አጥፎ መንትያ ይሠራል።

ግሬይኖቹ በየአቅጣጫው ቢበተኑ ይሄ ሁሉ ይቻቻል ነበር። ቱቦው ሲሳብና ሲዳመጥ ግን ክሪስታሎቹ እየዞሩ ይሰለፋሉ፣ አብዛኞቹም ቁመታቸውን ወደ ግድግዳው ውፍረት አቅጣጫ ያደርጋሉ፣ 30 ወይም 40 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብለው። ቴክስቸር የምንለው ይሄ ሰልፍ ነው። አምራቹ ሰልፉን የሚመራው እያወቀ ነው፤ ለምን እንደሆነ ሃይድሮጂኑ ጋ ስንደርስ ይገባችኋል። ሰልፉን ማፍረስ ከፈለጋችሁ ደግሞ መንገዱ ወደ ቤታ ወስዶ መመለስ ነው።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሰፌድ የሚመስለው ምንድነው?

ከምወዳቸው ምስሎች አንዱ ነው። ቤታ ቀዝቅዞ አልፋ ሲሆን ዝም ብሎ እንደፈለገ አይሆንም። አዲሱ አልፋ በአሮጌው ቤታ ላይ ተጠግቶ ነው የሚያድገው፤ የአልፋው ጥቅጥቅ ረድፍ ከቤታው ጥቅጥቅ ረድፍ ጋር ይገጥማል። ቡርገርስ የተባለው ሳይንቲስት በ1934 ያሳየው ይሄን ነው፣ ያሳየውም በዚሁ በዚርኮኒየም ላይ ነው። በዚህ ደንብ አንድ የቤታ ግሬይን 12 ዓይነት አቅጣጫ ያላቸው አልፋዎች ሊወልድ ይችላል። እነሱም እየተቋረጡ ሲያድጉ አለላው አንዱ ባንዱ ላይ እያለፈ የተሰፋ ሰፌድ ይመስላሉ። ፈረንጆቹም የቅርጫት ሽመና ይሉታል።

ከስፌቱ ታሪኩን ማንበብ ይቻላል። ሰሌዳዎቹ ቀጭን ከሆኑ ፈጥኖ ቀዝቅዟል፣ ወፍራምና ትይዩ ከሆኑ ቀስ ብሎ። አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ላብ ውስጥ የባሌስትራ ቁራጮች ፈርነስ ውስጥ አስገብተን፣ ተማሪው ባልዲውን አዘጋጅቶ በሩን ሊከፍት ሲል መብራት ሄደ። በጨለማ ሲጯጯሁ ጊዜው አለፈ፣ ቁራጮቹ እዚያው ቀስ ብለው ቀዘቀዙ። በማግስቱ ምንም ሳልነግረው ለሌላ ቡድን ልጅ ማይክሮስኮፕ ላይ አሳየሁት። ትንሽ አየና «ይሄ ውሃ አልነካውም» አለኝ። ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።

ኦሜጋ ፌዝስ? መጽሐፉ ላይ በግማሽ ገጽ ያልፈዋል።

ሦስተኛው ልጅ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ባህር ጠረፍ ላይ በ100። ውሃው ያው ነው፣ የተለየው የአየሩ ግፊት ነው። የፌዝ ለውጥ በሙቀት ብቻ እንደማይወሰን ከዚህ ሌላ ምስክር አያስፈልግም፤ ደሴ ሽሮ የሚቆየው ለዚህ ነው። ዚርኮኒየምን ሳታሞቁ በጥቂት ጊጋፓስካል ብትጨምቁት ኦሜጋ ይሆናል። አንድ ጊጋፓስካል 10,000 የአየር ግፊት ገደማ ነው፣ በክሬን የሚሠራ ነገር አይደለም። የሚገርመው፣ ጭነቱን ስታነሱለትም ኦሜጋው ሳይመለስ ሊቀር ይችላል።

ለእኛ የሚያሳስበው ግን ያለ ግፊት የሚመጣው ነው። ኒዮቢየም በዛ ያለበትን ቅይጥ ከቤታ በድንገት ስታቀዘቅዙት፣ ወይም የተረፈውን ቤታ በ300 እና 400 ዲግሪ መሃል ስታቆዩት፣ በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ የኦሜጋ ቅንጣቶች ይወለዳሉ። ያጠነክሩታል፣ ግን ደረቅና ተሰባሪ ያደርጉታል።

ሃይድሮጂን ገባበት ሲባል ለምን ይደነግጣሉ?

ቱቦው ከውሃው ጋር ሲዛግ ኦክስጅኑን ይወስዳል፣ ሃይድሮጂን ይተርፋል፣ ከተረፈው ጥቂቱ ወደ ብረቱ ይገባል። በ300 ዲግሪ 70 ፒፒኤም ገደማ ሟሙቶ ይቀመጣል፣ ምንም አይልም። ሲቀዘቅዝ ግን ማሟሟቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል። በትኩስ ሻይ የሟሟ ስኳር ሻይው ሲቀዘቅዝ እንደሚዘቅጠው፣ ሃይድሮጂኑም ሃይድራይድ ሆኖ ይወጣል። ሃይድራይድ ሌላ ፌዝ ነው፣ ስስና ደረቅ ሰሌዳ ሆኖ፣ ከበፊቱ ቦታ 17 በመቶ ያህል ይሰፋል።

ወሳኙ መጠኑ ብቻ አይደለም፣ አቅጣጫው ነው። ሰሌዳዎቹ በቱቦው ዙሪያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ከተኙ ቱቦው ይታገሳል። ከውስጥ ወደ ውጭ ከቆሙ ግን ስንጥቅ በእነሱ ላይ እንደ መሰላል ይወጣል። የቅድሙ ሰልፍ ጥቅሙ እዚህ ነው፤ ክሪስታሎቹ በደንብ ከተሰለፉ ሃይድራይዱ በተኛበት ይተኛል። ግን ቱቦው ግሎ፣ ሃይድሮጂኑ ሟሙቶ፣ በውስጥ ግፊት እንደተወጠረ ሲቀዘቅዝ ሰሌዳዎቹ ሊቆሙ ይችላሉ። ከሪአክተር የወጣ ነዳጅ ሲደርቅና ሲከማች ባለሙያዎቹን እንቅልፍ የሚነሳው ይሄ ነው።

ጭነት ሳይጨመርበት ከወራት በኋላ የሚሰነጠቀውስ?

ያው ሃይድሮጂን ነው፣ ግን ትዕግስት ያለው። ሃይድሮጂን ወደተወጠረ ቦታ ይሳባል። ጭረት ካለ ጫፉ ላይ ይሰበሰባል፣ ሃይድራይድ ይሆናል፣ ሃይድራይዱ ይሰበራል፣ ስንጥቁ ትንሽ ይራመዳል። ከዚያ አዲሱ ጫፍ ላይ እንደገና መሰብሰብ ይጀምራል። ጭነቱ ያው ነው፣ ስንጥቁ ግን እየሄደ ነው።

በ1974 ካናዳ ፒከሪንግ ማመንጫ 3ኛው ሪአክተር ላይ የሆነው ይሄ ነው። 6 ሜትር ገደማ የሚረዝሙት፣ 2.5 በመቶ ኒዮቢየም ያለባቸው የዚርኮኒየም ቱቦዎች ጫፋቸው ላይ ከብረቱ መያዣ ጋር ሲገጠሙ ከልክ በላይ ተዳምጠው ውጥረት ቀርቶባቸው ነበር። ስንጥቁም ከዚያው ጀመረ። ቅይጡ አልተሳሳተም፣ ገጣጣሚው ነው የጨመቀው።

ፉኩሺማ ላይ የፈነዳው ዚርኮኒየም ነው?

የፈነዳው ሃይድሮጂን ነው፣ ያመረተው ግን በዋናነት ዚርኮኒየሙ ነው። በመጋቢት 2011 የጃፓኑ ማመንጫ ማቀዝቀዣ ሲቆም ቱቦዎቹ ጋሉ። የጋለ ዚርኮኒየም ከእንፋሎት ኦክስጅን ይነጥቃል፣ ሃይድሮጂን ይለቃል፣ ሙቀትም ይጨምራል። ከ1200 ዲግሪ በላይ ሂደቱ ራሱን በራሱ ያጋግላል። ሃይድሮጂኑ ሕንፃው ውስጥ ተጠራቅሞ አየር ሲያገኝ ፈነዳ። አሜሪካኖች በአደጋ ጊዜ ቱቦው ከ1204 ዲግሪ እንዳያልፍ፣ ከግድግዳውም ከ17 በመቶ በላይ ኦክሳይድ እንዳይሆን የሚል ገደብ ያስቀመጡት ይሄንንና፣ በዋናነት ደግሞ ቀጥሎ የምንመጣበትን መሰበር ፈርተው ነው። ቁጥሩ ጎዶሎ የሆነው በፋራናይት 2200 ስለሆነ ነው።

ግን እኮ ቱቦው ባይቀልጥም ሲቀዘቅዝ እንደ ሸክላ ይሰበራል፤ ለምን?

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ፈተና ላይም አመጣዋለሁ። ኦክስጅን የአልፋ ወገን ነው ብዬ ነበር። ቱቦው 1100 ዲግሪ ላይ ሆኖ ሁለመናው ቤታ ነው እንበል። ከውጭ የሚገባው ኦክስጅን ከኦክሳይዱ ሥር ያለውን ብረት፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ ወደ አልፋ ይመልሰዋል። አልፋ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ትልቅ ነው፣ ከመቶ አተም እስከ 29 ድረስ። ያን ያህል የጠጣ አልፋ ጨው የበዛበት ወጥ ነው፣ ለምንም አይሆንም።

ስለዚህ ግድግዳው ሦስት ንብርብር ይሆናል። ውጭ ኦክሳይድ፣ ከሥሩ ኦክስጅን የጠገበ አልፋ፣ ከዚያ ቤታ የነበረው ክፍል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተሰባሪ ናቸው። ቱቦውን አንድ አድርጎ የሚይዘው ሦስተኛው ብቻ ነው፣ እሱም ኦክስጅን በብዛት ካልደረሰበት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሲለቀቅበት የሚተርፈው በዚያ ንብርብር ውፍረት ልክ ነው።

እኔ ራሴ ሳላስበው ሠርቼው አይቻለሁ። ውጭ ስማር አንድ ናሙና አየር እንዳይነካው በአርጎን ጋዝ ውስጥ 900 ዲግሪ ላይ አስገብቼ ምሳ ሄድኩ። ሲሊንደሩ አልቆ ኖሯል። ስመለስ የሚያብረቀርቀው ቁራጭ ነጭና አመድማ ሆኖ፣ ቅርፊቱ እየተላጠ ጠበቀኝ። በሁለት ጣቴ ስይዘው ቀጭኑ ጠርዝ እንደ ቂጣ ተቆረሰ። የሦስት ሳምንት ሥራ ነበር።

ጥርስ ላይ የሚገባው ዚርኮኒያስ ለምን አይሰበርም? እሱም ኦክሳይድ አይደል?

ነው። ንጹህ ዚርኮኒያ ለጥርስ ቢሰጣችሁ ፈርሶ ታገኙት ነበር። እሱም የራሱ ፌዞች አሉት። ከ1170 ዲግሪ ገደማ በላይ ቴትራጎናል፣ በታች ሞኖክሊኒክ፤ ሲቀዘቅዝ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይሰፋል። በደንብ ያልተሟሸ አዲስ ምጣድ ሲሰነጠቅ የሰማ ሰው ድምፁን ይገምታል። ኢትሪያ የሚባል ኦክሳይድ ጥቂት ሲጨመርበት ግን ቴትራጎናሉ እንደታገደ ሳይለወጥ በተራ ሙቀት ይቆያል። ስንጥቅ ሲመጣ፣ ጫፉ ላይ ያሉት ቅንጣቶች ብቻ እገዳው ይለቃቸውና ተለውጠው ያብጣሉ። እብጠቱ ስንጥቁን ከሁለት ወገን ጨምቆ ይዘጋዋል።

የአክስቴ ቀለበት ደግሞ ኢትሪያው በዝቶ ሦስተኛው ፌዝ፣ ኪዩቢክ፣ እንዲጸና የተደረገ ነው። ብርሃን ይወዳል፣ ይሄን የስንጥቅ ዘዴ ግን አያውቀውም። ድንጋይ ላይ እንዳትጥይው ብያታለሁ።

ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ሆኜ ይሄን በተግባር እንዴት ልማረው?

ዚርኮኒየም ፍለጋ አትድከሙ። መጀመሪያ ባሌስትራ ያዙ። ሦስት ቁራጭ ቁረጡ፣ አንድ ላይ አግሉ፣ አንዱን ውሃ ውስጥ፣ አንዱን አየር ላይ፣ አንዱን አመድ ውስጥ አቀዝቅዙ። በሞረድ ሞክሯቸው፤ ውሃ የገባው ላይ ሞረዱ ይንሸራተታል። ቀጥሎ ቲታኒየም ካገኛችሁ እሱን። ያው አልፋና ቤታ አለው፣ በ882 ዲግሪ ይለወጣል፣ ሰፌዱንም ያሳያችኋል።

ዕድል ገጥሟችሁ እውነተኛ ዚርኮኒየም ከደረሳችሁ ደግሞ ስትሞርዱና ስትቆርጡ ብናኙን አታጠራቅሙ። ደቃቁ ብናኝ በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል፣ ውሃ ስትደፉበት ይብስበታል። ደረቅ አሸዋ በባልዲ አጠገባችሁ ይኑር፣ ባልዲው ላይም «ለእሳት ብቻ» ብላችሁ ጻፉበት። የእኛን የግንባታ ሰዎች ወስደው ሲሚንቶ ለውሰውበታል።